ሁለቱም ሳውንድ

ድሩሲላ ቮኪ በጋነት ኮቭ የቴሌግራፍ ቢሮ በሠራችባቸው የመጨረሻዎቹ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንድ ቃል አልልክም ብላ ቀርታለች። የልደት መልእክት ይሁን የመርዶ፣ የቄሱ ይሁን የነጋዴው፣ ወረቀቱ ላይ «ሳውንድ» የሚል ካየች እርሳሷን አንስታ ትሰርዘውና «ሌላ ቃል ፈልግ፣ የኔ ዓለም» ብላ ትመልሳለች። የተቆጣ ካለ ጀልባውን አስነስቶ ሌላ መንደር ሄዶ መላክ ይችላል። አዲስ የመጡ ሰዎች አእምሮዋ ተነክቷል ይሉ ነበር። አልተነካም። ቃሉ ምን እንዳደረጋት እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ቀን አጠገቧ ቆሜ የማይረባ ነገር ስቀባጥር ነበር።

ፈሪ ነበረች፤ ይህን በማለቴ ከመቃብሯ ተነስታ አትቆጣኝም፣ ራሷም ትናገረው ነበርና። ጉም ትፈራለች። ባሕር ዳር ተወልዳ፣ ባሕር ዳር አርጅታ፣ ባሕር ትፈራለች። በር ሲንኳኳ ትፈራለች፤ በእኛ ዘንድ ሰው ዝም ብሎ ከፍቶ ነው የሚገባው፣ የሚያንኳኳ ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ቄሱ ክፉ ወሬ ይዞ መጥቷል። ከሁሉ ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ትፈራ ነበር። እሁድ እሁድ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ ደወሉ ዝም ብሎ፣ መዝሙር ሲጀመር ነው በኋላ በር ሹልክ ብላ የምትገባው።

እኔ ጋነት ኮቭ የመጣሁት ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ መምህር ሆኜ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ልቆይ አስቤ እነሆ አርባ ዓመት አለፈኝ። የተከራየሁት እነድሩሲላ ቤት ነበር። በመንደሩ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ሁሉ የሁሉም አክስት፣ ወንዱም የሁሉም አጎት ስለሆነ፣ በሦስተኛው ቀን እኔም «አክስቴ» እላት ጀመር። የፊት ለፊቱ ክፍል ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ቢሮ ነው፤ የቴሌግራፉ መምቻ በመስኮቱ በኩል፣ የግድግዳው ሰዓትና የሻይ ማንቆርቆሪያው በዚህ በኩል።

ባሏ አዛራያ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቃል ከአፉ ለማውጣት ጉልበት የሚጠይቅ ሰው። ጠዋት «ንፋስ»፣ ማታ «ዓሣ» ካለ ብዙ ተናገረ ይባልለታል። የፊት አራት ጥርሶቹ የሉም፤ መቅዘፊያ መትቶ ነው ያወለቀለት። የጥርሱ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በጉም ጊዜ ጀልባዎቻችን እንዳይላተሙ ትልቅ የባሕር ዛጎል እንደ መለከት ይነፋሉ፤ አዛራያ በዚያ አፉ ሲነፋ የሚወጣው ትንፋሽና ምራቅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲቷ ልጃቸው ኬዛያ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ከአባቷ ጋር እየወጣች ትነፋለት ነበር። አነፋፏን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ ከፍ ይላል።

እኔ በመጣሁ በመጀመሪያው ሐምሌ ኬዛያ ዛጎሉን አፏ ላይ አድርጋ ልትነፋ ስትል የወጣው ሳልና ደም ሆነ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከሳውንዱ ማዶ ዳንስተር ወደሚባለው ከተማ፣ ሆስፒታል ወሰዷት። ሳውንድ የምንለው በእኛና በዳንስተር መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ ነው፤ በሞተር ጀልባ የአምስት ሰዓት መንገድ፣ ወደ እኛ ሲቃረብ «ዶሮና ጫጩቶቿ» የሚባሉ ክፉ ቋጥኞች ያሉበት። ሁለቱም ሳንባዎቿ ተይዘዋል አሉ። አሥራ አንድ ወር ተኛች። የሐኪሙ ደብዳቤ በወር አንዴ ይመጣል፤ ድሩሲላም ደጋግማ አንብባ ከሰዓቱ ኋላ ትሸጉጠዋለች። የየካቲቱ ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ግራው ሳውንድ ነው፣ ቀኙ ገና።»

የዚያን እሁድ፣ ጨው ዓሣና የተዘፈዘፈ ደረቅ ብስኩት በልተን፣ አዛራያ ወንበሩ ላይ አሸልቦ ሳለ፣ ደብዳቤውን ፊቴ ዘረጋችው።

«መምህር፣ አንተ መቼም መጽሐፍ ስትቆረጥም ነው የምትውለው። ይሄ ቃል ስንት ነው?»

«ስንት ነው ማለት? አንድ ነዋ።»

«ውሸታም! ውጭ ያለው ውኃ ሳውንድ ነው። ጆሮዬ የሚሰማው ሁሉ ሳውንድ ነው። ገመድ ጥሎ ጥልቀት መለካት ሳውንድ ነው። አሁን ደግሞ የልጄ ሳንባ ሳውንድ ሆነልኝ። ሐኪሙ ‹ደህና ነው› ቢል ምን ይጎድልበት ነበር?»

ልቤ በደስታ ዘለለ። አሳፋሪ ነው፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ መንደሩ ውስጥ ስለ ቃል የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች። ትልቁን መዝገበ ቃላቴን ከጓዳ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ስጥለው አዛራያ በእንቅልፉ ደነገጠ።

«እውነትሽን ነው አክስቴ፣ አንድ አይደለም። አራት ቃል ነው። ከአራት ቦታ መጥተው እዚህ የተገናኙ፣ ዝምድና የሌላቸው። የውኃው የጥንት የሰሜን መርከበኞች ቃል ነው። ዋና ማለት ነበር። ሰው ዋኝቶ የሚሻገረው ውኃ።»

«አባቴ ዋና አያውቅም ነበር» አለች።

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። የጤናው የእንግሊዞች የራሳቸው ጥንታዊ ቃል እንደሆነና ጀርመኖች ዛሬም ለዳነ ሰው የሚሉት ዘመዱ እንደሆነ ነገርኳት። የድምፁ ከላቲን ተነስቶ በፈረንሳይ አድርጎ እንደመጣ፣ መጨረሻው ላይ ያለችውም «ድ» መጀመሪያ ያልነበረች፣ ሰው በአፍ ልማድ የለጠፈባት እንደሆነች ነገርኳት። ጥልቀት የመለካቱም ከፈረንሳዮች ነው፤ እነሱ ከየት እንዳመጡት ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው ይጨቃጨቃሉ። ጣቴን ከፍ አድርጌ ሁሉ አስረዳሁ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ።

«ገባኝ» አለች። «እንደ ዊልያም ቮኪዎቹ ነዋ።» በመንደሩ አራት ዊልያም ቮኪ አሉ፤ ደብዳቤ ሲመጣ የማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «እነሱንስ ቀዩ ዊል፣ አንካሳው ዊል እያልን እንለያቸዋለን። ይሄኛው ሲመጣ የትኛው እንደመጣ በምን ይታወቃል?»

«ከጎኑ ባሉት ቃላት።»

«ከጎኑ ቃል ካልኖረስ?»

ሳቅሁ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ያን ጊዜ ነው የአባቷን ነገር ያጫወተችኝ። ስምንት ዓመቷ ሳለ አባቷ ጉም ውስጥ ሳውንዱ ላይ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ደወል ተደወለለት። በማግስቱ ጉሙ ሲገለጥ ወንዶቹ ከጫፉ የእርሳስ ብረት የታሰረበትን ገመድ ይዘው ወደ ጀልባዎቻቸው ሲወርዱ እናቷን «ሳውንዱን ሳውንድ ልናደርገው ነው» አሏት። ታች ድረስ እየለካን እንፈልገዋለን ማለታቸው ነው። ትንሿ ድሩሲላ የምታውቀው ከሰንበት ትምህርት የሰማችውን የጤናውን ብቻ ነበር። ውኃው ታሞ ነው አባቴን የያዘው፣ አሁን ሊያድኑት ሄዱ አለች በልቧ። ደስ ብሏት ወደቡ ላይ፣ የእንጨት ርብራቡ ጫፍ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ጠበቀች። ከሰዓት በኋላ አባቷን በሸራ ጠቅልለው አመጡት።

«ይኸው እስከ ዛሬ» አለችኝ «ያ ቃል ሲጠራ ያ ሸራ ነው የሚታየኝ።»

ሰኔ ላይ ሐኪሙ «ረቡዕ መጥታችሁ ውጤቱን ስሙ» ብሎ ጻፈ። አዛራያ ማክሰኞ ጠዋት ብቻውን ሊሻገር ተነሳ። ድሩሲላ ርብራቡ ድረስ ሸኘችው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ አትሄድም።

«ሐኪሙ የሚለውን እዚያው ላክልኝ። እስክትመጣ መጠበቅ አልችልም።»

«እሺ።»

«ቃል ደግሞ አትሰስት!»

«እሺ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ከእሺ ሌላ አታውቅም?»

ትንሽ አሰበ። «አውቃለሁ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ረቡዕ ስንነሳ ከመስኮቱ ወዲያ ዓለም የለም። ጉሙ ቤቱን ውጦታል። ልጆቹ ዓሣ ለማድረቅ ስለሚፈለጉ ትምህርት ቤቱን ለሳምንቱ ዘግቼ ነበርና እኔም ቤት ዋልኩ። ድሩሲላ አንዱን ኩባያ ሦስት ጊዜ ስታጥብ አይቻለሁ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ መምቻው መንቀጫቀጭ ጀመረ። ኩባያውን ጥላ ሮጠች፣ እርሳሷን ያዘች፣ ጻፈች። እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁ።

«ጀልባ ጠፋች ሁለቱም ሳውንድ»

ቀጥሎ የላኪው ስም መምጣት ነበረበት። አልመጣም። መምቻው አንዴ ጠቅ አለና ዝም አለ። ድሩሲላ ዳንስተርን ጠራች። ደግማ ጠራች። መስመሩ ሞቷል። እርጥበት ሲበዛ ይሞታል፣ አንዳንዴ ለአንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ለሦስት ቀን።

ወረቀቱን እያየች ቆመች። በእርሳሷ አራቱን ቃላት አንድ በአንድ ነካች።

«እሰይ!» አልኩ እኔ። «ሰዎቹ ደህና ናቸው! ‹ጀልባዋ ጠፍታለች፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው› ነው እኮ የሚለው።»

«ወይም ጀልባዋ ጠፍታለች፣ ሁለቱም ሳውንድ ውስጥ ናቸው።»

«‹ውስጥ› የሚል የለውም አክስቴ።»

«ቴሌግራም ላይ ‹ውስጥ›ን ማን ይልካል?» ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔ ራሴ ነኝ ሰውን ሁሉ ‹እሷን አውጡ፣ ትርፍ ናት› የምለው! የውኃው ስም በትልቅ ፊደል ይጻፋል እንዳትለኝ፣ መምቻው ትልቅ ትንሽ አያውቅም። ላኪው ማን ነው? አዛራያ ነው? ሆስፒታሉ ነው? ፖሊስ ነው? ንገረኛ፣ መምህር! ከጎኑ ባሉት ቃላት ይታወቃል ብለኸኝ የለ?»

መዝገበ ቃላቴን ከጓዳ ይዤ መጣሁ። በዚህ መሐል አጎት ኦባዳያ በሩን ገፍተው ገቡ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ መምቻው ሲመታ በግድግዳው በኩል ይሰማቸዋል፣ ወሬ አያመልጣቸውም። አባቷን ከባሕር ያወጡት በእሳቸው ጀልባ ነበር። ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡና ኮፍያቸውን አወለቁ። ያን ኮፍያ ሲያወልቁ ሳይ ልመታቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ልጄ» አሏት «ሳውንድ አድርጉ ነው የሚሉት። ገመድ ያዙና ውጡ ማለት ነው። እንደዚያ ካልሆነ ለምን ወደ እኛ ይልካሉ?»

«አጎቴ፣ እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ ዝም ይበሉ!» አልኩ። «ጤነኞች ናቸው ነው የሚለው!»

«አንተ ከመጽሐፍህ ውጣ ልጄ። ባሕር መጽሐፍ አላነበበም።»

«ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ቃሉ አስቀድሞ...»

«ሰዋስው ልታስተምረኝ ነው? እኔ በዚህ ገመድ አሥራ አንድ ሰው አውጥቻለሁ!»

እንዲህ ስንጨቃጨቅ፣ እሳቸው በከዘራቸው ወለሉን እየደበደቡ፣ እኔ መዝገበ ቃላቱን እንደ ጋሻ ደረቴ ላይ ይዤ፣ ድሩሲላ መሐላችን ቆማ ነበር። በአንዲት ሴት ባልና ልጅ ላይ የምንጫረት እንመስል ነበር። አርባ ዓመት ሆነ፣ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

«አራተኛውስ?» አለች ድንገት።

የአጎት ኦባዳያ ከዘራ አየር ላይ ቀረ።

«የድምፁ። አንተ ነህ አራት ናቸው ያልከኝ። ሁለቱ ጉም ውስጥ ናቸው፣ ድምፅ አሰሙላቸው ቢልስ?»

«አይመስለኝም አክስቴ፣ እንደዚያ ብሎ የሚልክ...»

«እኔም አይመስለኝም። የቱ እንደሆነ አላውቅም፣ አንተም አታውቅም፣ አጎቴም አያውቁም።» ወደ በሩ እየሄደች ነበር የምትናገረው። «ደህና ከሆኑ ብደውል አይጎዳቸውም። ሞተው ከሆነ ብደውል አይጎዳቸውም። ውኃው ላይ ከሆኑ ግን፣ ባልደውል እኔ ነኝ የምገድላቸው።»

ሻርፗን እንኳን ሳታደርግ ወጣች። ተከተልኳት። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሩ በላይ ነው፤ ቄሱ ወደ ሌላ መንደር ሄደው ነበር፣ ደዋዩም ዓሣ ላይ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ጎንበስ አለችና አስመለሳት። ከዚያ አፏን በሽርጧ ጠርጋ ገባች። ገመዱ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ከብዙ እጅ ብዛት ጠቁሯል። ልትነካው እጇን ዘረጋች፣ መለሰች፣ እንደገና ዘረጋች።

«ይሄ ደወል አባቴን አላመጣውም» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለደወሉ አላውቅም።

«እኔ ልደውል አክስቴ። አንቺ ተቀመጪ።»

«አይሆንም። አንተ ይደክምሃል፣ ታቆማለህ። እኔ ፈርቻለሁ። አላቆምም።»

ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ተንጠለጠለችበት። ደወሉ ከላያችን ሲጮህ ዓይኗን ጨፈነች፣ መላ ሰውነቷ ተኮማተረ፣ ሰው የሚመታት ይመስል። ደግማ ሳበችው። አሥር ጊዜ ትደውልና ቆማ ታዳምጣለች። ምንም የለም። አሥር ጊዜ ትደውላለች። ምንም።

ሴቶቹ ዓሣቸውን ትተው እየሮጡ መጡ፤ በሥራ ቀን ደወል ማለት ሞት ነው። በሩ ላይ ተሰብስበው አዩአት። አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ድሩሲላ ከገመዱ ሳትላቀቅ ዞራ ጮኸችባት።

«አታልቅሽብኝ! ማን ሞተ አለሽ? ገና ነው!»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። መዳፏ ተልጦ ገመዱ መቅላት ጀመረ፤ ሽርጧን ቀድጄ ጠቀለልኩላትና ቀጠለች። ስምንት ሰዓት ላይ ውኃ ላመጣላት ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደቡንም በዚያው ቃኘሁ። አጎት ኦባዳያና ሁለት ሽማግሌዎች ርብራቡ ላይ ተቀምጠዋል። ገመዶቹ ተጠቅልለው በተርታ ተቀምጠዋል፣ የእርሳስ ብረቶቹም ታች ያለውን አሸዋ ይዘው እንዲወጡ ከሥራቸው ጮማ ይቀቡ ነበር። ጉሙ እንዲገለጥ ብቻ ነው የሚጠብቁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በመዝገበ ቃላቴ ተማምኜ ነበር። ያን ጮማ ሳይ ግን ኬዛያንና ያን ዝምተኛ ሰው በሸራ ተጠቅልለው አየኋቸው። ውኃውን ግማሹን ደፍቼ ነው ያደረስኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ድሩሲላ አሥር ትቆጥርና ታዳምጣለች፣ አሥር ትቆጥርና ታዳምጣለች።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ደወሉ ዝም ባለበት፣ ከሩቅ አንድ ነገር ተሰማ። ዛጎል ነው።

«የእኛ ሰዎች ይሆናሉ፣ ከዓሣ የሚመለሱት» አለች አንዷ ሴት፣ ተስፋ እንዳታደርግ ፈርታ።

እንደገና ተነፋ። ረጅም ነው። ረጅም ሆኖ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና መጨረሻው ላይ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ ከፍ አለ።

ድሩሲላ ገመዱን ለቀቀችው።

«አዛራያ ጥርስ የለውም» አለች።

አበደች ብዬ ነበር። ትከሻዬን በደም በተነከሩ እጆቿ ያዘችና ነቀነቀችኝ።

«አዛራያ ዛጎል መንፋት አይችልም፣ መምህር! ስማው! ስማው እንጂ! በአንድ ሳንባ እንደዚህ ይነፋል?» እየሳቀችና እየጮኸች ነበር፣ ፊቷ በእንባ ታጥቧል። «ሁለቱም! ስለ ሰው መች ነው የነገረኝ? ስለ ሳንባዋ ላክልኝ አልኩት፣ እሱም ላከልኝ! ግራው ሳውንድ፣ ቀኙ ገና፤ አሁን ሁለቱም! ሁለቱም ሳውንድ!»

ከሰዓቱ ኋላ የተሸጎጠው ደብዳቤ ትዝ አለኝ። የካቲት ላይ ፊቴ ዘርግታው ነበር፤ ቃሉ የመጣበትን አገር ሁሉ ቆጥሬ ሳበቃ፣ ደብዳቤው ስለ ማን ሳንባ እንደሚያወራ ረስቼው ነበር።

ወዲያው ግን ሳቋ ቀጥ አለ። «ዶሮዋ!» አለችና ገመዱ ላይ ተንጠለጠለች። «ቋጥኟ አጠገብ ናቸው! ገና አልደረሱም!» ደወሉን እንደዚያ ያለ ፍርሃት ይዟት ስትደውል አይቼ አላውቅም። ቅድም የምትደውለው ለማይታወቅ ነገር ነበር፤ አሁን የምታጣው ነገር በጆሮዋ ይሰማታል። ደወሉ ይጮሃል፣ ዛጎሉ ይመልሳል፣ ደወሉ ይጮሃል፣ ዛጎሉ ይመልሳል። አንዴ ዛጎሉ ዘገየ። ከዚያ ከቅርብ፣ ከመንደሩ ሥር ተሰማ።

ወደ ወደቡ ስንወርድ አጎት ኦባዳያ ገመዶቹን አንስተው ከበርሜሎቹ ኋላ ሲደብቁ አየኋቸው። እሷ እንዳታይ ነበር። ብዙ ጊዜ ተጣልቻቸዋለሁ፣ ለዚያች ግን እወዳቸዋለሁ።

የማናውቃት አረንጓዴ ጀልባ ከጉሙ ወጣች። አዛራያ መሪው ላይ፣ ኬዛያ ከፊት፣ ዛጎሉን እቅፏ ውስጥ ይዛ። ነገሩ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ተሰማ። የአዛራያ ጀልባ ዳንስተር ወደብ ላይ ማክሰኞ ማታ ባዶዋን ገመዷን በጥሳ ሄዳ ነበር። ሐኪሙ ጠዋት አይቶ ሁለቱም ሳንባዎቿ ድነዋል አለ። አዛራያ አራት ቃል ላከ፣ ጀልባ ከነዛጎሏ ተዋሰ፣ ዳንስተር ፀሐይ ስለነበር ተነሳ። ጉሙ ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው።

«አራት ቃል!» አለችው ድሩሲላ። ባሏን እስከዚያ ቀን ድረስ መትታው አታውቅም፤ በተጠቀለለው እጇ ደረቱን መታችው። «አራት! አምስተኛ ቃል ብትልክ ትሞት ነበር? ‹ሳንባ› ብትል ምን ነበረበት?»

«ጀልባዋ ጠፋች። ሳንባዋ ዳነ» አለ አዛራያ። በእውነት አልገባውም ነበር። «ሌላ ምን ነበር?» ከዚያ እጇን አየ፣ ጨርቁን፣ ደሙን። ቀና ብሎ ወደ ደወሉ ማማ አየ። በሕይወቱ የተናገረውን ረጅሙን ንግግር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። «ሞተሩን እያጠፋሁ ሳዳምጥ ነበር። ወደ ቀኝ ይዤ ነበር የምሄደው። ደወሉን ስሰማ ነው ወደ ግራ የዞርኩት። ዶሮዋ ነጭ አረፋዋ በቀኜ አለፈ፣ እዚህ ድረስ» አለና መቅዘፊያውን አሳየ። የመቅዘፊያ ርዝመት ማለቱ ነበር።

ኬዛያ እናቷን ልታቅፍ እጇን ዘርግታ ነበር፣ ድሩሲላ ግን ትከሻዋን ይዛ አዞረቻት። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከሹራቡ በላይ ጀርባዋ ላይ አስቀመጠች፣ በግራ በኩል። ቆየች። ከዚያ ወደ ቀኙ አዛወረችው። አንድ እጇን አንስታ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። ሐኪሞች ይህንኑ ሥራ፣ በሰው ደረት ላይ ማዳመጥን፣ በዚያው ቃል እንደሚጠሩት መዝገበ ቃላቴ ላይ ያየሁት በሳምንቱ ነው። አልነገርኳትም።

«ተንፍሺ» አለች።

ኬዛያ ተነፈሰች።

«እንደገና።»

መንደሩ ሁሉ ርብራቡ ላይ ቆሞ ነበር፣ ውኃው እንጨቱን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ድሩሲላ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፣ በጣም ቆየች።

«ቀኙም ይሰማል» አለች፣ ከዚያም ልጇን አቀፈቻት።